አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያጣላቻቸው ተመልካቾች

በአንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እንሰማለን። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።

«የት ነው ያለሁት?»

«መንደሩ ውስጥ።»

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«መረጃ።»

ትንሽ ይቀጥሉና ጠያቂው ዋናውን ጥያቄ ያመጣል። «ቁጥር 1 ማን ነው?» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው መልስ አራት ቃል ብቻ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተ ቁጥር 6 ነህ» ማለት ይሆናል። ጥያቄውን አልመለሰለትም። አድበስብሶ አለፈው።

እስቲ ግን ከሁለተኛው የእንግሊዝኛ ቃል በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጣል እናድርግ። አሁን መልሱ «አንተ ነህ፣ ቁጥር 6» ሆነ። ለካ ሰውየው የሚፈልገውን ሁሉ ገና በር ላይ ነግረውታል!

በእንግሊዝኛ የሁለቱ መልሶች ቃላት አንድ ናቸው። የሚለያቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። የእኛ ማሰሪያ አንቀጽ ግን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ነህ» የምትቀመጥበትን ቦታ ሳይወስኑ መተርጎም አይቻልም። አንዱን ትርጉም ስትመርጥ ሌላውን ገደልከው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ኅብሩ ፈረሰ ይላል። እኔ ይህን ስሞክር ነው ጠቡ ስለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ።

ድራማው «ዘ ፕሪዝነር» ይባላል። «እስረኛው» ልንለው እንችላለን። በብሪታንያ ቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው በመስከረም 1967 መጨረሻ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) 17 ክፍል አለው፣ ከዚያ በላይ አልተሠራም። ንግግሩ የሚሰማው በአብዛኞቹ ክፍሎች መክፈቻ ላይ ነው። ተመልካቹ ያን ጊዜ ተጣልቶ አሁንም አልታረቀም። ለምን? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። መጨረሻውን እናገራለሁ። ከ50 ዓመት በላይ ላለፈው ነገር ይቅርታ አልጠይቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የእንግሊዝ ሰላይ በሎተስ መኪናው ለንደን ይገባል። አለቃው ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይወረውራል። ቤቱ ሄዶ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ጋዝ ይለቁበትና ይወድቃል። ሲነቃ ያው ክፍሉ ውስጥ ነው። መጋረጃውን ሲከፍት ግን ለንደን የለችም። በባሕር ዳር የተሠራች፣ እንደ ከረሜላ የተቀባች፣ የማያውቃት ትንሽ መንደር ናት ያለችው። እዚህ ስም የለም፣ ሁሉም በቁጥር ነው የሚጠራው። እሱ ቁጥር 6 ሆነ። የመንደሩ አስተዳዳሪ ቁጥር 2 ይባላል። በየክፍሉ ማለት ይቻላል አዲስ ቁጥር 2 ይመጣል። ሥራውም አንድ ነው፤ ለምን ሥራህን ለቀቅህ የሚለውን ከሰውየው አፍ ማውጣት።

ይኼው ነው። አይናገርም፣ ያመልጣል፣ ይያዛል።

መንደሯን ልዩ የሚያደርጋት ደግነቷ ነው። ግርፋት የሚታይበት እስር ቤት አይደለችም። ሙዚቀኛ ጓድ አላት፣ ታክሲ አላት፣ ባለመስመር ካባና ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ይዘዋወሩባታል። ቁጥር 2 እስረኛውን ቁርስ ይጋብዘዋል። በአማርኛ ቢሠራ ኖሮ «አንተ» ሳይሆን «እርስዎ» እያሉ ነበር የሚያሠቃዩት። እላይ «አንተ» ብዬ የተረጎምኩት እንግዲህ ለማሳጠር ነው።

የስንብት ሰላምታቸው ደግሞ አለ። ጣታቸውን ዓይናቸው ላይ ክብ አድርገው ወደ ፊት እየዘረጉ የሚሉት ነገር በእኛ ቋንቋ «እንተያያለን» ነው። ለእንግሊዞቹ ተራ የስንብት ቃል ናት። እዚያች ካሜራ በሞላባት መንደር ሲሏት ግን «እያየንህ ነው» የሚል ነገር ይቀላቀልባታል። ይህኛው በአማርኛ ምንም አልጎደለበትም። ሰው ጣቱን ቀስሮ «እንተያያለን!» ሲለን ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። አራተኛ ሆኖ በተላለፈው ክፍል ምርጫ አለ። ቁጥር 6 ለቁጥር 2 ወንበር ይወዳደራል። የመንደሩ ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺው መኪና ላይ ይጠጉታል። ጋዜጠኛው የምርጫ ዘመቻህን እንዴት ልታካሂድ አስበሃል ብሎ ይጠይቃል። «ምንም የምለው የለኝም» ይላል ቁጥር 6። ጋዜጠኛው ማስታወሻው ላይ ለነፃነት በማንኛውም ዋጋ ሊታገል ቆርጧል ብሎ ይጽፋል። ስለ አገር ውስጥ ፖሊሲህስ? «ምንም የምለው የለኝም።» የመንደሩን ጸጥታ ያጠብቃል ብሎ ይጽፋል። የውጭ ፖሊሲስ? ያው መልስ። ያው ፈጠራ። ጥቂት ሳይቆይ ያልተናገረው ቃለ ምልልስ ታትሞ ሲሸጥ ያገኘዋል። ጓደኛዬ እዚህች ጋ ሶፋው ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ፈገግ እያልኩ ያየሁት እኔ ደግሞ የማውቃቸውን ጋዜጦች እየቆጠርኩ ነበር።

ጓደኛዬን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት 17ቱንም ክፍል ማታ ማታ አብረን አየናቸው። የመጨረሻው ሲያልቅ ሪሞቱን ወርውሮ «ይሄ ምን ይባላል አሁን? እንቅልፌን ያጣሁት ለዚህ ነው?» አለኝ። ኋላ ሳነብ፣ በ1968 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ተመልካች ያለው ልክ ይህንኑ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ስልክ በተቆጡ ሰዎች ተጨናነቀ። ዋናው ተዋናይና ድራማውን ያሠራው ፓትሪክ ማክጉሃን ለጥቂት ጊዜ መደበቅ ነበረብኝ ብሎ በኋላ ተናግሯል።

ምን አይተው ነው እንዲህ የተቆጡት?

የመጨረሻው ክፍል የሚጀምረው ከመሬት በታች ባለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ጉባኤ ተቀምጠዋል። ቀይ ካባ የለበሰ ዳኛ አለ። አንድ ወጣት በመካከላቸው እየዘፈነ ይረብሻል። በፊተኛው ክፍል የሞተው ቁጥር 2 ይነሳል። ቁጥር 6 ሁሉን ችሎ ስላሸነፈ ይከበራል፣ ንግግር አድርግ ይባላል። «እኔ…» ብሎ ሲጀምር ጉባኤተኛው ሁሉ «እኔ! እኔ! እኔ!» እያለ ይጮህበታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲሰማ በፓርላማ ድጋፍ ሲሰጥ ከሚባለው «አዎ» ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጭብጨባ ነው ወይስ ማፈን? አይታወቅም። ብቻ ንግግሩን ማንም አልሰማውም።

ከዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥቶ ቁጥር 1 ዘንድ ይደርሳል። ካባ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጭምብሉን ይገፈዋል። ከሥሩ የዝንጀሮ ጭምብል አለ። ያንንም ይገፈዋል። የራሱ ፊት ነው! የገዛ ፊቱ እያሽካካ ያየውና ይሮጣል። ይህ ሁሉ የሚታየው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። ዓይኑን ለአፍታ ወደ ሻይ ኩባያው የመለሰ ተመልካች አምልጦታል።

ቀጥሎ መትረየስ ይተኮሳል። ከተኩሱ ጋር የሚሰማው በዚያው 1967 የወጣው፣ ፍቅር ብቻ ይበቃል የሚለው የቢትልስ ዘፈን ነው። ሮኬት ይወነጨፋል። አራት ሰዎች ጎኑ የፍርግርግ ብረት በሆነ የጭነት መኪና ላይ እየጨፈሩ ወደ ለንደን ይነዳሉ። ቁጥር 6 ቤቱ ይደርሳል። የቤቱ ቁጥር 1 ነው። በሩ ማንም ሳይነካው፣ እንደ መንደሩ በሮች እዝዝ እያለ ራሱ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ ያው የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተበት ምስል ይመጣል። ባዶ መንገድ፣ ሎተስ መኪና፣ የሰውየው ፊት። አለቀ።

ማን አሰረው? አልተነገረም። መንደሩ የማን ነው፣ የእንግሊዝ ወይስ የሶቪየት? አልተነገረም። ለምን ለቀቀ? አልተነገረም። ለ17 ሳምንት የተጠየቀ ጥያቄ!

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን ጠብ «የገባቸውና ያልገባቸው» ብሎ ይከፍለዋል። ድራማውን የሚወዱት በተለይ እንዲህ ማለት ይቀናቸዋል። እኔ አልስማማም። ተመልካቹ የተጣላው ድራማው ራሱ ከተጣሉ ሰዎች እጅ ስለወጣ ነው። ሁለት ድራማ ናቸው በአንድ ስም የተላለፉት።

መጀመሪያ ተመልካቹ ምን ጠብቆ እንደተቀመጠ እንይ። ማክጉሃን ከዚያ በፊት «ዴንጀር ማን» በተባለ ተከታታይ ፊልም ጆን ድሬክ የተባለ ሰላይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ከ1960 ጀምሮ። ድሬክ ጠመንጃ የማይወድ፣ ሴት የማያሳድድ፣ በጭንቅላቱ የሚሠራ ሰላይ ነው። ይህን ራሱ ተዋናዩ ነበር አጥብቆ የጠየቀው። ዘመኑ ደግሞ የሰላይ ዘመን ነው። የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ከ1962 ጀምሮ ሲኒማ ቤቱን አጥለቅልቀውታል። በቴሌቪዥንም ስለላን ከቅዠት ጋር የሚቀላቅሉ ድራማዎች መጥተዋል። ስለዚህ ያ የሚታወቀው ሰውዬ፣ ያንኑ ፊት ይዞ፣ ያንኑ ሥራ ሲለቅ ያየ ተመልካች ምን ይበል? ድሬክ ነው አለ። ሁሉም ነገር በመጨረሻ ይፈታል ብሎ ጠበቀ። በሰላይ ፊልም ደንብ መጨረሻ ላይ መጋረጃው ይነሳል፣ ተንኮለኛው ይታያል።

የስክሪፕት አዘጋጁ ጆርጅ ማርክስታይንም የሚያስበው እንደ ተመልካቹ ነበር። ለእሱ ቁጥር 6 በግልጽ ድሬክ ነው። የመንደሩንም ሐሳብ ያገኘው ከእውነተኛ ታሪክ እንደሆነ ይናገር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርሌር ሎጅ የሚባል ቤት ነበር። ብዙ ምስጢር ያወቁ፣ ግን ለሥራ የማይሆኑ ሰላዮች እዚያ በክብር ይቀመጡ ነበር። ወንጀል የለባቸውም። መውጣት ግን አይችሉም። ማርክስታይን የፈለገው የዚህን ታሪክ ነው፤ ከመሬት ያልለቀቀ የስለላ ድራማ።

ማክጉሃን ሌላ ነገር ነበር የፈለገው። ለእሱ ሰላይነቱ ሰበብ ነው። ድራማው ስለ አንድ ሰውና ስለ ማኅበረሰብ ነው፤ ሁሉን ቁጥር ስለሚያደርግ ዓለም። ድሬክ ነው መባሉን እስከ መጨረሻው ክዷል። እዚህ ላይ ተመልካቾች አንድ የገንዘብ ነገር ይጨምራሉ። ድሬክን የፈጠረው ራልፍ ስማርት የተባለ ሰው ነው፤ ድሬክ ነው ከተባለ ለእሱ መክፈል ይመጣል። ስለዚህ «አይደለም» የሚለው መልስ ግማሹ ፍልስፍና ግማሹ ሒሳብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ለእኔ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

የምወዳት ነገር ደግሞ አለች። በመክፈቻው ላይ ቁጥር 6 የሚጮህበት፣ ጠረጴዛው የሚደበደብበት ራሰ በራ አለቃ አለ። አንድ ቃል አይናገርም። ያ ሰው ማርክስታይን ራሱ ነው! ማክጉሃን በየሳምንቱ ስክሪፕት አዘጋጁ ፊት ቆሞ ሥራ ሲለቅ እናያለን። በእውነተኛው ሕይወት ግን ትቶ የሄደው ማርክስታይን ነው። የመጀመሪያዎቹ 13 ክፍሎች ተሠርተው ሲያልቁ ከማክጉሃን ጋር መስማማት አቅቶት ወጣ።

ከእሱ በኋላ የተሠሩትን አራት ክፍሎች እዩዋቸው። አንዱ የካውቦይ ፊልም ነው። አንዱ ለልጆች ከመኝታ በፊት የሚነገር ተረት ሆኖ ይጠናቀቃል። በአንዱ የቁጥር 6 አእምሮ በሌላ ሰው አካል ውስጥ ይገባል። የዚህኛው ምክንያት ቀላል ነው። ማክጉሃን ሆሊውድ ሄዶ ሌላ ፊልም እየሠራ ስለነበር ናይጀል ስቶክ የተባለ ተዋናይ ተተካ። አራተኛው እላይ የተረክሁት መጨረሻ ነው። ልጓሙን የሚይዝ ሰው እንደሌለ ያስታውቃል። «መጀመሪያው ላይ ጥሩ ነበር፣ ኋላ ተበላሸ» የሚለው ተመልካችና «ኋላ ነው ነፍስ የዘራው» የሚለው ተመልካች፣ ሁለቱም አንድ እውነት ነው የሚያወሩት። አንዱ የማርክስታይን ወገን ነው፣ ሌላው የማክጉሃን። ሳያውቁት።

በዚህ ላይ የቁጥር ጣጣ አለ። ማክጉሃን 7 ክፍል ይበቃል ይል ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣው ሉ ግሬድ ለአሜሪካ ገበያ ስለሚሸጠው 26 ፈለገ። 17 ላይ ቆመ። ማንም ያላቀደው ቁጥር ነው። ታዲያ የትኞቹ ናቸው እውነተኞቹ ሰባት? ማክጉሃን ኋላ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው ያላቸው አሉ፣ ተመልካቹ ግን በዚያም አልረካ። እኔን ከጠየቃችሁ መሀል ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ክፍሎች ማሟያ ናቸው። ማሽኑ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቢዘለሉ የሚጎድል የለም።

የቅደም ተከተሉ ክርክር ከዚህም ይብሳል። ክፍሎቹ የተቀረጹበት፣ የተላለፉበትና ተመልካቾች ይሻላል የሚሉት ቅደም ተከተል አንድ አይደለም። ስምንተኛ ሆኖ በተላለፈው ክፍል ቁጥር 6 «እዚህ አዲስ ነኝ» ይላል። ሰባት ሳምንት የተንገላታ ሰው እንዴት አዲስ ይሆናል? ስለዚህ ያ ክፍል ወደ ፊት መምጣት አለበት ይላሉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይገፋል፣ ሌላው ሲገፋ ሦስተኛው ይጣረሳል። ድራማውን ከወደዱት ሰዎች ሁለቱን ብታስቀምጡ ሦስት ቅደም ተከተል ይሰጧችኋል።

ከመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች መሀል ያለችው ጢምም አለች። ሊዮ መከርን የተባለ ተዋናይ የተጫወተው ቁጥር 2 ባለ ጢም ነው። ፊተኛው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ ኋለኛው እስኪመጣ ረጅም ጊዜ አለፈ፣ ተዋናዩም መልኩን ለወጠ። ምን አደረጉ? ከሞት ሲያስነሱት ፀጉርና ጢሙን አስተካክለው አወጡት። ተመልካች ግን እዚያ ላይ ስለ ዳግም ልደት ጽፏል። እኔ የማየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ድራማው ውስጥ ጥልቅ ምልክት ተብለው የተቆጠሩ አንዳንድ ነገሮች እንዲህ ከችግር የተወለዱ ናቸው። የሚያመልጠውን ሁሉ እያሳደደ የሚያፍነው ነጭ ኳስም እንደዚሁ። መጀመሪያ የታሰበው በሞተር የሚሄድ ነገር ነበር። አልሠራ ሲል የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ አመጡ። ዛሬ የሚያየው ወጣት ይስቅበታል። ልጅ ሆኖ ያየው ሽማግሌ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል ይላል። በዚህስ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ምን ብለህ ትለምነዋለህ?

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመጀመሪያው ተመልካች ያየውና የኋለኛው ያየው ምስል አንድ አይደለም። ድራማው የተቀረጸው በቀለም ነው። የተላለፈበት የአይቲቪ መረብ ግን የቀለም ስርጭት የጀመረው በኅዳር 1969 ነው። ስለዚህ በ1967 የእንግሊዝ ተመልካች ያን የከረሜላ መንደር ግራጫ ሆኖ ነው ያየው። ፖርትሜሪዮን ትባላለች። በዌልስ ባሕር ዳር ያለች፣ ክላፍ ዊሊያምስ-ኤሊስ የተባለ አርክቴክት ከ1925 ጀምሮ፣ ከየቦታው የፈረሱ ሕንጻዎችን ቁራጭ ጭምር እየሰበሰበ የሠራት መንደር ናት። የት እንደተቀረጸ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ አልተነገረም። በጥቁርና ነጭ እስር ቤት እስር ቤት ትሸታለች። በቀለም ስታያት ደግሞ ለዕረፍት ሄደህ ልትቀመጥባት ያምርሃል። ፍርሃቱ እዚህ ነው። ይህኛውን ፍርሃት የመጀመሪያው ተመልካች አላገኘውም።

አይቲቪ ያኔ በየክልሉ የተለያዩ ኩባንያዎች የሚያስተላልፉበት ነበር። አንዱ ክልል ዛሬ ያየውን ሌላው ከቀናት በኋላ ያያል። ቀድሞ ያየ ዘመድ ደውሎ «አትድከም፣ መልስ የለውም» ሲል ይታየኛል።

አሜሪካኖቹ በ1968 አጋማሽ ላይ በሲቢኤስ አዩት፣ ያውም አንድ ክፍል ተቀንሶ። የቀረው የካውቦዩ ክፍል ነው። እዚያ ቁጥር 6 ሸሪፍ ይሆናል፣ ጠመንጃ ግን አልይዝም ይላል። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ስለሆነ ነው የታፈነው የሚሉ ተመልካቾች አሉ። የለም፣ አእምሮ የሚያዞር ዕፅ ስላለበት ነው የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለ ክርክር የዚህ ድራማ ተመልካች ምግቡ ነው።

አስተያየቱ የተገለበጠው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1977 የወዳጆቹ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙን «ከአንዱ ስድስት» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። አባላቱ ፖርትሜሪዮን እየተሰበሰቡ ካባውን ለብሰው፣ ድራማው ውስጥ እንዳለው ሰው እንደ ጠጠር የሚቆምበትን ቼዝ ይጫወታሉ። በ1983 ደግሞ ቻናል ፎር ድራማውን ደግሞ ማስተላለፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ሰው ቤት ቪዲዮ ማጫወቻ ገብቷል። ያ የሁለት ሰከንድ ፊት ቆም ተደርጎ ሊታይ ይችላል። አሁን ማንም የጆን ድሬክን ቀጣይ ታሪክ አይጠብቅም። መልስ እንደሌለው አስቀድሞ ሰምቶ ነው የሚቀመጠው። መልስ ሳይጠብቅ ያየ ሰው ደግሞ አልተከዳም። ከ1968ቱ የበለጠ ብልህ ስለሆነ አይደለም የወደደው።

ለዚህ ነው የ1968ቱን ቁጡ ሰዎች እንዲያው ዝም ብዬ መናቅ የማልችለው። 17 ሳምንት ሙሉ «መረጃ» ሲባል የሰማ ሰው መረጃ ፈለገ። ምን ያስደንቃል? ማክጉሃን ራሱ በ1977 በሰጠው ቃለ ምልልስ ሰዎች እንዲከራከሩ፣ እንዲቆጡ ፈልጎ እንደነበር ተናግሯል። የሰው ትልቁ ጠላት ራሱ ነው የሚለውን ሐሳቡንም አስረድቷል። ሐሳቡን እቀበላለሁ። የመጨረሻው ክፍል ግን በጥድፊያ ተጽፎ እንደነበር እሱም አልደበቀም። አንድ ነገር ድንቅም ጥድፊያም ሊሆን ይችላል። መትረየሱና የፍቅር ዘፈኑ ድንቅ ነው፤ ያውም ጠመንጃ አልይዝም ሲል የኖረ ተዋናይ እጅ ላይ ሲሆን። ሮኬቱን ግን እስካሁን ማንም አሳምኖ አላስረዳኝም።

በ2009 በአዲስ መልክ ተሠርቶ ነበር። ስድስት ክፍል፣ ናሚቢያ ስዋኮፕመንድ የተቀረጸ። ማክጉሃን በዚያው ዓመት ጥር ላይ ስለሞተ አላየውም። በአዲሱ መጨረሻ ላይ መንደሩ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው ተብራርቶ ይነገራል። ሁሉም ተመለሰ። ስለሱ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ነጠላ ሰረዟስ? እኔና ጓደኛዬ በጆሯችን ልንፈርድ ወሰንን። መክፈቻዎቹን ብቻ እያስጀመርን፣ ስክሪኑን ሳናይ፣ ድምፁን ከፍ አድርገን አዳመጥን። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ቁጥር 2 በየክፍሉ ስለሚቀያየር ድምፁም ይቀያየራል። በብዙዎቹ ክፍሎች ደግሞ የምንሰማው የዚያን ሳምንቱን ቁጥር 2 ሳይሆን ሮበርት ሪቲ የተባለ ተዋናይ ነው። አንዱ መልሱን ፈጠን አድርጎ ይለዋል፣ አንዱ መሀል ላይ ያዝ ያደርገዋል። ጓደኛዬ ወረቀት አምጥቶ «አለ» እና «የለም» ብሎ ሁለት ዓምድ አሰመረ። አምስተኛው ላይ ተጣላን። እሱ ትንፋሽ ሰምቻለሁ አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት።

«ይኸው!»

«የታለ?»

ስድስተኛው ክፍል ላይ ባለቤቱ ከውስጥ ድምፁን ቀንሱ አለችን፤ ወረቀቱ እስካሁን ቴሌቪዥኑ ሥር አለ።